ግልባጭ

ምች ነው አልኩ መጀመሪያ፣ ዳማከሴ አሸሁ፤
ሌሊት ሌሊት ጥርሴን እንደ ወፍጮ እያፋጨሁ፤
ነግቶ፣ ላብ ያራሰው አንሶላዬን ጥዬ
ፒያሳ ወጣሁኝ፣ “ሥራ ያስረሳል” ብዬ።

ማኅተም ነው ሥራዬ፤ ጎማ ላይ፣ በምላጭ፤
ከእጄ የሚወጣው ፊደል ሁሉ ግልባጭ።
ሰው ከፊት ያነባል፣ እኔ ከኋላ ነኝ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ይኸው ነው ያኖረኝ።
ያን ቀን ግን ምላጩ ሄደ በራሱ እግር፤
“ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር”
“ኃ” ላይ ተሰነጠቀ።
የወደቀ ጎማ ላነሳ ጎንበስ ስል ትንፋሼ አለቀ።

ለካ ከድድ እስከ ልብ አቋራጭ መንገድ አለ!
ከጥምቀት በፊት ነው ጥርሴ የተነቀለ፤
ከታዘዘልኝ ክኒን ግማሹን ውጬ፣
ግማሹን መሳቢያ ውስጥ፣ ከቀለም ጋር አስቀምጬ፣
“ተሻለኝ” ባልኩ ጊዜ፣
እሱ ጉዞ ጀምሮ ነበር፣ ያለ ጓዝ፣ ያለ ትካዜ።

ጥቁር አንበሳ። ጨለም ያለ ክፍል። ቀዝቃዛ ቅባት ደረቴ ላይ።
ሐኪሟ ስክሪኑን አዞረችልኝ፣ የገዛ ልቤን እንዳይ።
“ይሄ ግራው ነው” አለች፣ በጣቷ ቀኙን እየነካች።
ሌላው ይደናገር ነበር፤ የኔ ዓይን ግን ወዲያው ለመደው፤
ልብም እንደ ማኅተም ነው፣ ተገልብጦ ነው የሚነበበው።
በሩ ላይ፣ ቫልቭ በሚሉት፣ አንድ ብጫቂ ነገር
ደም በመጣ በሄደ ቁጥር ይወዛወዝ ነበር።
“ልብስ ማስጫ ላይ የተረሳ ካልሲ ይመስላል” አልኳት።
አልሳቀችም። “ስድስት ሳምንት” አለች፣ “በደም ሥር፣ በየስድስት ሰዓት።”

ክንዴ ወንፊት ሆነ። ሲስተር ምንትዋብ
የጠፋ ደም ሥሬን በጣቷ እየመታች
“ውጣ፣ አንተ ሌባ!” ትለዋለች፣ እንደ ሰው እየተቆጣች።
ከመስኮቱ ታች ረዳቱ “ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!” ይላል፤
እንዴት ያለ ሀብታም ነው፣ ይሄን ሁሉ ትንፋሽ ሜዳ ላይ ይበትናል!

ጎኔ የተኛው ጋሽ ወልደየስ፣ የእሪ በከንቱ ዕድር ዳኛ፣
“ማኅተማችን” ይላል “ጥርሱ ያለቀ ነው፣ ልክ እንደኛ፤
ስትድን አዲስ ቅረጽልን” ብሎ ሁለት ብርቱካን ቀብድ ሰጠኝ።
“ክብ ይሁን፤ መሐሉ ላይ ሁለት እጅ ይጨባበጥ፤ አደራ” አለኝ።

በሠላሳ አንደኛው ሌሊት ኦክስጅኑ ሲንሾካሾክ ሰማሁ።
ጠዋት አልጋው ተነጥፏል፤ ፍራሹ ግን ጎድጉዷል፣ አየሁ።
አንደኛውን ብርቱካን ያን ዕለት ላጥኩት፤ ሁለተኛውን ፈራሁ።

ስወጣ ግንቦት ነበር። ቸርችል ጎዳና ዳገቱን ዘርግቶ ጠበቀኝ።
የመጀመሪያው ቀን ፖስታ ቤት ጋ ቁጭ አልኩ፤ አንድ ሊስትሮ ዱካውን ለቀቀልኝ።
በሳምንቱ ቴዎድሮስ አደባባይ።
ሎተሪ አዟሪው “ዛሬ ሦስት ምሰሶ ጨመርክ” ይለኛል፤
ለካ ከኔ እኩል ይቆጥራል።

ሱቄን ከፍቼ መጀመሪያ የዕድሩን ማኅተም ቀረጽኩ፤
ክቡን፣ እጆቹን፣ ስሙን፤ ቀለም ነካሁ፣ ተጫንኩ።
ቀጠሮ ካርዴ ጀርባ ላይ ታተመ፤ ሁሉም ልክ፣ ሁሉም ቀና፤
“በከንቱ” ላይ “ከ” ብቻ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፣ ሳልገለብጣት ቀረሁና።
በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ተሳስቼ አላውቅም።
ሳቅኩ፣ ደረቴን ይዤ፤ ሳቅ ማንም አልከለከለኝም።

ሌላ ቀረጽኩ። ልጁ እማዋይሽ መጥታ ወሰደች፤
“ስንት ነው?” አለች።
“አባትሽ ከፍሏል” አልኳት፤ የብርቱካኑን ነገር ግን አልነገርኳትም።

የተበላሸው እኔው ጋ ነው፣ ከተረፈው ክኒን ጎን፣ መሳቢያ ውስጥ።
ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፤ ያ ቀዝቃዛ ቅባት፤ ግልባጩን ላነብ፣ ሳልደነግጥ።
በሩ ጠባሳ ይዟል አሉ፤ አጥብቆ አይገጥምም፣ ትንሽ ያፈሳል።
የሱቄም በር አይገጥምም፤
ካርቶን አጥፌ ሥሩ እወሽቃለሁ፤
ያድራል።